ማሾና ሽንኩርት፦ የአክሲዮን ዋጋ ሲወርድ የቁጠባ ማኅበራችን ምን ይሆናል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ አባል የሆንኩበት የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ባደረገው የመጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተነሥተው ሳይመለሱ ቀሩ። የመጀመሪያውን ያነሣው አንድ ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ነበር። «ማኅበራችን ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ በ7 በመቶ ወለድ ተኝቷል። አሁን የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል። ለምን አክሲዮን አንገዛበትም?» አለ። ሁለተኛዋ ጠያቂ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ያ ገበያ የወደቀ ዕለት የእኔ ቁጠባ ምን ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ሰዓቱ መሄዱን ተናግረው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ። በቁጥጥር ኮሚቴው ውስጥ ሦስት ዓመት አገልግያለሁና ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ። መልሱ ግን እጅ አውጥቶ በአንድ ደቂቃ የሚነገር አልነበረም።

ጥያቄዎቹም የእኛ ማኅበር ብቻ አይደሉም። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ፣ ማለትም የአክሲዮን ገበያው፣ በአዲስ አበባ ሲመረቅ ወጋገን ባንክ አክሲዮኑ በገበያው እንዲሸጥ በመመዝገብ የመጀመሪያው ሆነ፤ ገዳ ባንክ ተከተለው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች ገዝተው 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰብስቧል። ሽያጩ በቴሌብር ስለነበረ መሐል ሜዳ ያለ የጤና ባለሙያም፣ አረርቲ ያለ የጤፍ ነጋዴም ከአዲስ አበባ ነዋሪ እኩል ገዢ መሆን ችሏል። በስልክ የሚሸጥ አክሲዮን ጣርማበርን ለመሻገር መኪና አይጠብቅም።

ሰሜን ሸዋ ለአክሲዮን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሐበሻ ቢራ ከሕዝብ በተሰበሰበ የአክሲዮን ገንዘብ ተመሥርቶ ፋብሪካውን ደብረ ብርሃን ላይ ሲተክል የከተማችን ሰው ከአክሲዮን ወሬ ጋር ተዋውቋል። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች ይዞ ነው የተነሣው። ከእነዚህም መካከል የዞናችን መምህራን፣ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። ሰዉ አክሲዮን ይዞ ኖሯል፤ ያልኖረበት ነገር የአክሲዮን ዋጋ በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚምታቱ ሦስት ቃላት አሉ። በእኛ አካባቢ ሰው ባንክ ደብተሩ ላይ ያስገባውንም፣ በማኅበር ያዋጣውንም፣ የገዛውን አክሲዮንም በአንድ አፍ «ያስቀመጥኩት ገንዘብ» ይላል። ነገር ግን ቁጠባ ሌላ ነው፤ ባንኩ ወይም ማኅበሩ ለአስቀማጩ ያለበት ዕዳ ነው። አንድ ሺህ ብር ካስቀመጡ አንድ ሺህ ብር ከነወለዱ ይመለስልዎታል፤ የባንኩ አክሲዮን ዛሬ በስንት ተሸጠ የሚለው ለዚህ ዕዳ አይመለከተውም። በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚገዛው ዕጣ ደግሞ የአባልነት መዋጮ ነው፤ ዋጋው በመተዳደሪያ ደንቡ ተቆርጦ የተቀመጠ ስለሆነ ገበያ ወጥቶ አይጫረትም። መቶ ዕጣ ያለውም አንድ ዕጣ ያለውም በጉባኤ ላይ ድምፁ አንድ ነው። አክሲዮን ግን የድርጅቱን ቁራጭ መግዛት ነው። ድርጅቱ ሲያተርፍ ይካፈላሉ፤ ሲከስር አብረው ይከስራሉ፤ ሁለቱም ሳይሆን ደግሞ ሌላው ሰው ስለ ድርጅቱ ያለው ግምት ስለተለወጠ ብቻ የቁራጩ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል።

ስለዚህ ለመምህርቷ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ አጭር ነው፦ የአክሲዮን ገበያ ቢወድቅ ቁጠባዎ በቀጥታ አይወድቅም። በቀጥታ ያልኩት አውቄ ነው። በተዘዋዋሪ የሚደርስበት መንገድ አለ፤ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው አክሲዮን ቀድሞ አይወርድም ነበር፣ ገበያው መጥቶ ነው መውረድ የጀመረው ብሎ እንዲያምን የሚያደርግ አንድ ነገር አለ። የወረቀቱ ዋጋ አይለወጥም። በምስክር ወረቀቱ ላይ 1,000 ብር ተብሎ የታተመ አክሲዮን ከአሥር ዓመት በኋላም 1,000 ብር ይላል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የዚያ ወረቀት የመግዛት አቅም ምን ያህል እንደተቦረቦረ የሚያሳይ ሰሌዳ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም እንዲሁ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሚስቱ ታማ አክሲዮኑን ለመሸጥ ሲነሣ ገዢ ያገኘው ከአምስት ወር በኋላ ነበር፤ ያውም ወዳጅ ዘመድ ተለምኖ። በእነዚያ አምስት ወራት ውስጥ የዚያ አክሲዮን ትክክለኛ ዋጋ ስንት ነበር? ማንም ሊገዛው አልፈለገምና በእርግጥ ከወረቀቱ በታች ነበር። አዲሱ ገበያ ያመጣው መውረድን አይደለም፤ ተሸፍኖ የኖረውን መውረድ ገለጠው። ይህ መገለጥ ያስደነግጣል፤ እኔ ግን ከጨለማው ይሻላል ባይ ነኝ።

አገራችን ከዚህ በፊትም ሞክራው ነበር። በ1957 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የአክሲዮን ግብይት ተጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ ዘልቋል። ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያደገው ትውልድ፣ እኔን ጨምሮ፣ የሚወርድ የአክሲዮን ዋጋ ምን እንደሚመስል በዓይኑ አላየም።

እንግዲህ የአክሲዮን ዋጋ ለምን ይወርዳል? ከእኛው ባንኮች ብንነሣ ምክንያቶቹ ሩቅ አይደሉም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደብ ሲያስር የባንኮች ዋና ገቢ ታሰረ ማለት ነው። የብድር ወለድ ያላገኘ ባንክ የሚያከፋፍለው የትርፍ ድርሻ ይቀንሳል፤ የትርፍ ድርሻው የቀነሰ አክሲዮንም ገዢ አይሻማበትም። ባንኮች ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ መታዘዛቸውም አዲስ አክሲዮን እንዲሸጡ ገፍቷቸዋል። ትርፉ በዚያው ልክ ካላደገ ያው እንጀራ ለብዙ ሰው ይቆረሳል። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ሲጸድቅ ደግሞ ባለሀብቱ የነገን ፉክክር ዛሬ አስልቶ ዋጋ ይቀንሳል። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ ከፍ ሲልም ገንዘብ ያለው ሰው «አስተማማኙ ይህን ያህል ከከፈለኝ ለአክሲዮኑ ይህን ሁሉ ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ከእነዚህ አንዱም የባንኩ በር ይዘጋል ማለት አይደለም።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ድንጋጤ አለ። ድንጋጤን ለማስረዳት ከጣርማበር ዋሻ ወደ ታች፣ ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ ይሻላል።

በቀወት ቆላ ገበሬው ሽንኩርትም ማሾም ያመርታል። ሽንኩርት በመስኖ ተዘርቶ ሁሉም ማሳ በአንድ ሰሞን ሲደርስ ዋጋው ይሰበራል። ገበሬው ዋጋው ከሁለት ወር በኋላ እንደሚያንሠራራ ያውቃል፤ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ምን ያድርግ? ሽንኩርት በቆላ ሙቀት አይቆይም፤ ይበሰብሳል። ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ የሚሰጠው ዋጋ የሽንኩርቱን ዋጋ ሳይሆን የገበሬውን ጭንቀት የሚለካ ነው። ማሾ ሌላ ነው። ማሾ በምርት ገበያ የሚሸጥ፣ ወደ እስያ የሚላክ ጥራጥሬ ነው፤ ሕንድ ወይም ኢንዶኔዥያ ያለ ገዢ እጁን ሲሰበስብ የእኛ ገበሬ ዋጋ ይወርዳል። ነገር ግን ማሾ ጎተራ ይጠብቃል። የሚጠብቅለት ገንዘብ ያለው ገበሬ በመኸር ማግስት ሁሉ ሲሸጥ እርሱ አይሸጥም።

የአክሲዮን ዋጋ መውረድ ምንነት በእኔ እምነት ከዚህ ምሳሌ የሚያልፍ ምሥጢር የለውም። የደህና ድርጅት አክሲዮን ማሾ ነው። ዋጋው ሲወርድ ባለቤቱ የጠፋበት ገንዘብ የለም፤ የሚጠፋበት የሸጠ ዕለት ነው። በብድር አክሲዮን የገዛ ሰው ግን ማሾውን በገዛ እጁ ሽንኩርት አድርጎታል፤ የብድሩ ቀን ሲደርስ ዋጋው ያለበት ላይ ይሸጣል። የልጁን የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ አክሲዮን ላይ ያዋለም እንዲሁ ነው። በዓለም ገበያዎች ውስጥ ውድቀት የሚባለው ቀን ሲመረመር ከመሸጥ ሌላ ምርጫ ያልነበራቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ በር ለመውጣት የተጋፉበት ቀን ሆኖ ይገኛል።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን ተምራበታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የስልክ ኩባንያው ሳፋሪኮም አክሲዮኑን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ ሲያቀርብ የሰዉ ግፊያ ለጉድ ነበር፤ ብዙዎች ከባንክ ተበድረው ገቡበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋጋው ከ7 ሽልንግ በላይ ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። ተበድሮ የገዛው ሰው ሸጦ፣ ጎድሎበት፣ የቀረውን ዕዳ ከደመወዙ ከፈለ። ከራሱ ትርፍ ገንዘብ የገዛውና የታገሠው ደግሞ በ2021 ያው አክሲዮን ከ40 ሽልንግ በላይ ሲሆን አየ። ታሪኩን እዚህ ላይ የሚያቆሙ አክሲዮን ሻጮች አሉ፤ አያቁሙት። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋው ተመልሶ ከ15 ሽልንግ በታች ወርዷል። ድርጅቱ ያው ነው፤ በኬንያ ትልቁ። ዋጋው ግን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተንገዳግዷል።

ማሾም ነቀዝ ይገባዋል። ይህን የማይጨምር ሰው የታገሠ ሁሉ ያገኛል ብሎ ያታልላል። የአሜሪካው የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ዳው ጆንስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1929 እስከ ሐምሌ 1932 ድረስ 89 በመቶ ወድቆ ወደ ነበረበት የተመለሰው በ1954 ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት። የጃፓኑ መለኪያ ኒኬይ በ1989 መጨረሻ ከነካው ጣሪያ በላይ የወጣው በ2024 ነው። በሌላ በኩል በኮሮና ወቅት፣ በ2020፣ የአሜሪካ ገበያ በአንድ ወር ውስጥ 34 በመቶ ገደማ ወድቆ በዚያው ዓመት ነሐሴ አገግሟል። የትኛው ውድቀት የትኛውን እንደሚመስል አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ለሰላሳ ዓመት ወጣት ሃያ አምስት ዓመት መጠበቅ ይከብዳል እንጂ ይቻላል፤ ለጡረተኛዋ መምህርት ግን አይቻልም። ስለዚህ «መቼ ያገግማል?» ከሚለው በፊት መጠየቅ ያለበት ድርጅቱ ራሱ ነቅዟል ወይስ ገበያው ብቻ ነው የቀዘቀዘው የሚለው ነው። በሑዳዴ የበግ ዋጋ ቢወርድ የመንዝ ሰው በጉን አይጥልም፤ ፋሲካ ይመጣል። በጉ ሲያስል ከተሰማ ግን ፋሲካንም አይጠብቅም።

አሁን ወደ ተዘዋዋሪው መንገድ ልመለስ። የአክሲዮን ውድቀት የቁጠባ ቤትን የሚያንኳኳው አበዳሪው ራሱ በአክሲዮን ውስጥ ሲነከር ነው። ናይጄሪያ ለዚህ የምትጠቀስ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 ጣሪያ የነካው ገበያዋ በአንድ ዓመት ግድም ውስጥ ከዋጋው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣ። ባንኮቹ ለአክሲዮን መግዣ በብዛት አበድረው ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ከፊሉ የባንኮቹን የራሳቸውን አክሲዮን ለመግዛት የዋለ ነው። ዋጋው ሲወርድ ተበዳሪው መክፈል አቃተው፤ መያዣ ተብሎ የተያዘውም ያው የወረደው አክሲዮን ነው። በ2009 ማዕከላዊ ባንኩ የስምንት ባንኮችን ሥራ አስፈጻሚዎች አንሥቶ 620 ቢሊዮን ናይራ ለማዳኛ አስገባ። አስቀማጩ ገንዘቡን ያላጣው የመንግሥት እጅ ስለገባ ነው።

እኛ ዘንድ በገበያው ላይ ቀድመው የወጡት ባንኮች መሆናቸውን ለዚህ ነው ልብ ማለት የሚያስፈልገው። አንድ የቁጠባ ማኅበር ተቀማጩን በአንድ ባንክ አስቀምጦ የዚያኑ ባንክ አክሲዮን ከገዛ፣ ባንኩ ሲታመም ሁለቱም በአንድ ቀን ይታመሙበታል።

ባንክ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ አንድ መከታ አለው። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሞ ባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይከፍላል። ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሆኖ ገጠሩን ያዳረሰውና በኋላ ባንክ የሆነው ጸደይም በዚህ ጥላ ሥር ነው። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን በፈንዱ ውስጥ የሉም። ሲቆጣጠራቸው የኖረውም ብሔራዊ ባንክ ሳይሆን የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ በወረዳ ደረጃ አንድ ኦዲተር ስንት ማኅበር እንደሚያዳርስ በሥራው ያለ ሰው ያውቀዋል። ይህን የምጽፈው ማኅበራቱን ለማስጠላት አይደለም፤ ልጆቼን ያስተማርኩት ከማኅበራችን በተበደርኩት ገንዘብ ነው። ነገር ግን አባሉ መድን እንደሌለው ማወቅ አለበት። መድኑ የራሱ ንቃት ነው።

የማኅበራችንም ትልቁ ስጋት አዲስ አበባ ያለው ገበያ አይደለም። የሁላችንም ኑሮ በአንድ ነገር ላይ መንጠልጠሉ ነው። በቀወት ባለ ማኅበር ውስጥ ማሾ ሲረክስ ተበዳሪው በሙሉ በአንድ ወር ይጎድልበታል። ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች በተቋቋመ ማኅበር ውስጥ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጥቶ ሠራተኛ ቢቀንስ ቁጠባው በሚቆምበት ወር ብድሩም መመለሱ ይቆማል፤ ገንዘቤን አምጡ የሚለውም በዚያው ወር ይመጣል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ይህን በከፋ መልኩ አይተነዋል። ዋሱም ተበዳሪውም አብረው ተፈናቅለው ነበር፤ ማን ማንን ይጠይቃል? ብድርን በዋስ ማሰር ዋሱ ከተበዳሪው የተለየ ዕጣ ፈንታ ካለው ብቻ ነው የሚሠራው።

ለዚህ አባቶቻችን የነበራቸው መልስ መንዝ ላይ ነው ያለው። የጓሳን ሳር የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ሕግ ለዓመታት ዘግቶ ያስጠብቀው ነበር፤ ጊዜው ሳይደርስ የሚያጭድም ከብት የሚያሰማራም ይቀጣል። ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ድርቅ ሲሆን፣ ተከፍቶ ሰዉንም ከብቱንም ያተርፋል። በማኅበራችን ሒሳብ ውስጥ መጠባበቂያ የሚባለው መስመር የእኛ ጓሳ ነው። በየዓመቱ ጉባኤ ላይ «መጠባበቂያው በዛ፣ ይከፋፈል» የሚል ድምፅ ሲነሣ ሆዴ ይንቦጨቦጫል። ሳሩ አማረ ተብሎ በደጉ ዓመት ቢታጨድ ኖሮ ጓሳ እስከ ዛሬ ባልቆየን ነበር።

ወጣቱ የሒሳብ ባለሙያ ግን አንድ እውነት ይዟል፤ ሊታለፍ አይገባም። የዋጋ ንረቱ ከ7 በመቶ በላይ በሆነበት ዓመት ሁሉ በባንክ የተኛው ገንዘባችን እየሳሳ ነው። እርሱ መፍትሔው አክሲዮን ነው አለ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ገንዘቡ ስለ ምን ተኛ? የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ቦታው አባሉ እጅ ነው። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ባሶና ወራና ገጠር ውስጥ፣ ገበሬ ልጁን ለማሳከም ብሎ መሬቱን ወለድ አግድ ይሰጣል፤ ብድሩን እስኪመልስ ድረስ አበዳሪው እያረሰ ይበላበታል። ከተማ ውስጥም በአራጣ የሚበደር አለ፤ አንዳንዱ የእኛው አባል ነው። ብድር ኮሚቴው ሦስት ዋስ አምጣ፣ ከደመወዝህ ላይ ይህን ያህል ይቀራል አይቀርም እያለ ሁለት ወር ስላቆየው ወደ አራጣ አበዳሪ የሄደ ሰው አውቃለሁ። ገንዘባችን ባንክ ተኝቶ፣ አባላችን በአራጣ እየተገፈፈ፣ አክሲዮን እንግዛ ማለት ጎተራ ያለን እህል ለገበያ እያወጡ ጎረቤትን ማስራብ ነው።

ደግሞም አስቡት፤ የእኛ ብድር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ገበያ ሲወርድ ነው። የማሾ ዋጋ በተሰበረበት ወር አምስት ሺህ ብር የተበደረ ገበሬ ማሾውን ለሦስት ወር ያቆያል። አክሲዮን ያለው መምህርም እንዲሁ፤ ልጁ ቢታመምበት ከማኅበሩ ተበድሮ ያሳክማል፣ አክሲዮኑን በውድቀቱ ዋጋ አይጥልም። ማኅበሩ የአባሉን ሽንኩርት ማሾ ያደርግለታል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ገበያው በወረደበት ቀን የራሱ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ካለ ነው። ገንዘቡን አክሲዮን ውስጥ ካስገባ አባሉ በሚቸገርበት ወር እርሱም አብሮ ይቸገራል፤ ያውም የአባላት የብድር ጥያቄ በሚበዛበት ሰኔ፣ የማዳበሪያ ሰሞን፣ አክሲዮን ተሸክሞ ገዢ ይፈልጋል። ገበያው ገና ለጋ ነው፤ ገዢው ጥቂት ነው። ትንሽ የበዛ አክሲዮን ለመሸጥ የወጣ ማኅበር በራሱ ሽያጭ ዋጋውን ሊያወርደው ይችላል።

ስለዚህ የአባላት ቁጠባ አክሲዮን መግዣ መሆኑን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጉባኤው ከወሰነ፣ መተዳደሪያ ደንቡም ከፈቀደ፣ መጠባበቂያው በቂ ነው ተብሎ ከተቆረጠለት ልክ በላይ ካለው ትርፍ ላይ ጥቂቱን፣ አምስት ዓመት ሳይነካ ሊቆይ የሚችለውን፣ ማዋል ይቻላል። ያውም ማኅበሩ ተቀማጩን ባላስቀመጠበት ባንክ ወይም ከባንክ ውጭ ባለ ድርጅት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ለአክሲዮን መግዣ የሚጠየቅ ብድርም በግልጽ መከልከል አለበት። የብድር ማመልከቻው ላይ «ለቤት እድሳት» ብሎ ጽፎ አክሲዮን የሚገዛ አይጠፋም፤ ዋስ የሚሆን ሰው ይህን አውቆ ይፈርም።

አባላት በግላቸው ግዙ ወይም አትግዙ ማለት የእኔ ድርሻ አይደለም። እኔ ራሴ ጥቂት አክሲዮኖች አሉኝ። የገዛሁት ቢጠፋ እንቅልፌን በማይነሣኝ ገንዘብ ነው፤ ዋጋውን በየቀኑ አላይም፤ ዓመታዊ ሪፖርቱን ግን ሳላነብ አላልፍም። ሪፖርት ስከፍት መጀመሪያ የማየው ትርፉን አይደለም፤ ያልተመለሰው ብድር ካለፈው ዓመት ጨምሮ እንደሆነ ነው። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተመዝጋቢ ድርጅቶች ሒሳባቸውን ለሕዝብ እንዲገልጡ ያስገድዳል፤ ያ ሪፖርት የተጻፈው ለባለሙያ ብቻ አይደለም፣ ለገዛ ሰው ሁሉ ነው።

መምህርቷን ከጉባኤው ሳምንት በኋላ ጠባሴ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ከላይ የጻፍኩትን አሳጥሬ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «እንግዲያው የማኅበራችን ያልተመለሰ ብድር ስንት ነው?» አሉ። ከስድስት ወር በላይ ያለፈውንና ከጠቅላላው ብድር ስንት በመቶ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ አባል ናቸውና መብታቸው ነው። ከቦርሳቸው የቁጠባ ደብተራቸውን አወጡ፤ እስክሪብቶ ከእኔ ተውሰው ቁጥሩን በጀርባው ጻፉት፤ ከሥሩም የሚቀጥለውን ጉባኤ ቀን።